አሮጌ አውቶሞቢል ስትገዙ የምትመርጡት ብልሽቷን ነው

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ትንንሽ ባለአራት በር አውቶሞቢሎች ናቸው፤ ሁለቱም 15 ዓመት አልፏቸዋል። አንደኛዋን መሪዋን እስከ ጥግ አዙሬ ስነዳት ከፊት ጎማዋ በኩል ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ኮፈኗን ስከፍት የሞተሩ ላይኛ ክዳን ዙሪያውን ዘይት ያልበዋል። መከላከያዋም ተፋፍቋል። ሁለተኛዋ ጸጥ ያለች ናት። ሞተሯ ታጥቦ ያብረቀርቃል። አንድ ነገር ብቻ አየሁ፤ የራዲያተር ውሃ ማጠራቀሚያዋ ባዶ ነው። ሻጩ ሳልጠይቀው «ውሃ ትንሽ ትወዳለች እንጂ ሌላ እንከን የላትም» አለኝ።

ጸጥተኛዋን ገዛሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቴስታታዋ፣ ማለትም የሞተሯ ራስ፣ ተፈትቶ ወረደ።

የምትጮኸዋ ጥፋት አንድ ጆይንትና አንድ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ነበር። የአንድ ቀን ሥራ። እኔ ግን ጆሮዬን አምኜ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ «ከሁለቱ የትኛዋን ልውሰድ?» ሲለኝ የማየው ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ብልሽት አያጣም። ስለዚህ የማወዳድረው ብልሽትን ከብልሽት ነው።

የሚጮኸው ብልሽት

ከሚጮኹት አብዛኞቹ የታወቁና በቀላሉ የሚሠሩ ናቸው። ቀጭ ቀጭ የሚለው፣ መሪ ሲዞር የሚብሰው፣ ጎማውን በሚያዞረው አክስል ጫፍ ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት (መገጣጠሚያ) ነው። በላስቲክ ተሸፍኖ ግራሶ ተሞልቶ ይቀመጣል። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ተረጭቶ ያልቃል፤ አሸዋና ውሃ ይገባል። ጎንበስ ብላችሁ ከጎማው ጀርባ ተመልከቱ። ጥቁር ግራሶ ከተረጨና ድምፅ ገና ከሌለ፣ ላስቲኩን ቀይሮ ግራሶ መሙላት ይበቃል። መንቀጭቀጭ ከጀመረች ግን ላስቲክ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ጆይንቱ ወይም አክስሉ ራሱ ይቀየር።

ፍጥነት ሲጨምር እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቀለበት) ነው። የቱ ጎማ እንደሆነ ለመለየት ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ወደ ቀኝ ስትሉ ድምፁ ከባሰ ክብደቱ የተጫነው ግራው ላይ ነውና ግራውን ጠርጥሩ። አንዳንዴ ያረጀና ያላግባብ የተበላ ጎማም ልክ እንደዚሁ ይጮኻል። ኩሽኔታ ከማስቀየራችሁ በፊት የፊትና የኋላ ጎማ አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ጉድጓድ ስትገባ ኳ የምትል ከሆነ የላስቲክ ቡሾች ወይም የማረጋጊያ ዘንጉ ጫፎች አልቀዋል። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) አውቶማቲክ የሆነ መኪና ማርሽ አስገብታችሁ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ ጋቢናው የሚንቀጠቀጥ፣ ማርሹን አውጥታችሁ ፎሌ ስታደርጉ ጸጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ሞተሩን የሚይዘው ማውንት ደክሟል። ፍሬን ስትይዙ ሲጥ የምትለው ሸራዋ አልቆ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሸራዎች ላይ ሆን ተብሎ የተሠራች ቀጭን ብረት አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ታስጠነቅቃለች። ሸራው 3 ሚሊሜትር ከደረሰ ቀይሩት። ዲስኩም ላይ አነስተኛው የተፈቀደ ውፍረት ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ በታች የወረደውን ማስሞረድ አይረባም።

እነዚህን ሁሉ ለዋጋ መደራደሪያ አድርጓቸው እንጂ አትሽሹዋቸው።

ዝም ያለው ብልሽት

የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ በተለይ ውሃና ሙቀት። የሞተር ውሃ በጤናው ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ይውላል። ቴርሞስታት (ሲሞቅ የውሃውን መንገድ የሚከፍተው) ከተጣበቀ፣ ፋኑ ካልዞረ፣ የውሃ ፖምፓው ካፈሰሰ ወይም ራዲያተሩ ከተደፈነ ሙቀቱ ያሻቅባል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ሲግል ይቆለመማል። ያን ጊዜ በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን መያዝ ያቅተዋል። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ መጋሏ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሙቀት ጌጁ ሲወጣ ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ከብዙ ያድናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠብቁ። «አሙቄ ላሳይህ» ለሚል ሻጭ «አይ፣ ቀዝቃዛዋን ነው የምፈልገው» በሉት። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው በቀዝቃዛው ብቻ ነው፤ ትኩስ ሞተር ላይ ከተከፈተ ፊት ይልጣል። ውስጡን እዩ። ንጹሕ ቀለም ያለው ኩላንት ከሆነ ደህና። ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላ ኖሯል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ መኪናዋን ትታችሁ ሂዱ።

ከዚያ የዘይት ክዳኑን ገልብጡ። ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ወፍራም ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። በብርድ ወራት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ክዳኗ ሥር ትንሽ ቢጫ አረፋ ልትይዝ ትችላለች፤ እንፋሎት ነው። ዳኛው የዘይት መለኪያ ዘንጉ ነው። እዚያ ላይ ዘይቱ ጥርት ያለ ከሆነ አረፋው ብቻውን ጥፋት አይደለም።

አሁን አስነሱት። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርጉ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው ድንጋይ ከሆነ፣ ከሲሊንደር ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። እኔ ይቺን ሳልሞክር ነው የገዛሁት።

ውሃ የትም አይጠፋም። ከቱቦ፣ ከፖምፓ ወይም ከራዲያተር ካፈሰሰ ቀለም ያለው የደረቀ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። ይሄ ቀላሉ ነው። እየጎደለ ዱካው ካልተገኘ ግን ወይ ከዘይቱ ጋር ነው፣ ወይ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል እየወጣ ነው። የታጠበ ሞተር የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው፤ ዱካው አብሮ ታጥቧል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና ጭሱንም እዩት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያባራ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፤ ሴንሰር ወይም የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊው ዘይት ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ጠዋት ስትነሳ ቡፍ ብሎ የሚጠፋው የቫልቭ ላስቲክ ማርጀት ነው፤ ቴስታታው ሳይወርድ የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የሚከተላችሁ ደግሞ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ማለቅ ነው። ይሄኛው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃል።

እንግዲህ ዘይት የምትበላና ውሃ የምትጨርስ ሁለት መኪና ቀርበው አንዷን ምረጥ ብባል ያለማመንታት ዘይት በሊታዋን እወስዳለሁ። በ1,000 ኪሎሜትር ግማሽ ሊትር የምትጠጣ ሞተር ዘይቷ እየታየ እየተሞላላት ዓመታት ልትቆይ ትችላለች። 1 ሊትር ከደረሰች ግን ዋጋዋን የፈረሰ ሞተር እንዳላት አድርጋችሁ አስሉ። የሚጨርሳት ዘይት መብላቷ ሳይሆን ባለቤቷ መለኪያዋን መርሳቱ ነው።

መካኒክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት፣ ይለካላችሁ። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ መመጣጠኑ ይበልጣል፤ ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ከ15 በመቶ በላይ ከራቀ ችግር አለ። በደከመው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ የፋሻ ነው። ካልወጣ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን።

ችንጋ ወይስ ካቴና

የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው (ታይሚንግ የሚባለው) ወይ የላስቲክ ችንጋ ወይ የብረት ካቴና ነው። «ካቴና ነው፣ ዕድሜ ልክ» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። እውነት ነው፤ ታይሚንግ ችንጋ ላስቲክ ስለሆነ ቀጠሮ አለው። እንደ ሞተሩ ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል፤ መኪናዋ ቆማ ብትውልም ላስቲኩ በዕድሜው ይደርቃል። ብዙ ሞተሮች ላይ ችንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በ2000ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከተሠሩት የሂዩንዳይ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ናቸው። በ1990ዎቹ ኮሮላ ላይ የነበረው የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ግን ችንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ፒስተኑን አይነኩም፤ መንገድ ላይ ይተዋችኋል እንጂ አይፈራርስም።

ኮሮላ ከዚያ በኋላ ያገኘው 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ካቴና አለው። ችንጋ የሚያስቀይር የለም። የመጀመሪያዎቹ ግን ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ሆንዳ ሲቪክም እንዲሁ ነው። ከ2001 እስከ 2005 የነበረው ባለ1.7 ሊትሩ ችንጋ፣ ከ2006 ወዲህ የመጣው ባለ1.8 ሊትሩ ካቴና ነው። ካቴና ስላለው ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ2006 አንስቶ ከወጡት የመጀመሪያ ዓመታት ሞተሮች አንዳንዶቹ ብሎካቸው ተሰንጥቆ ውሃ ሲያፈሱ ተገኝተው ኩባንያው ዋስትናውን ለማራዘም ተገዷል።

ካቴናን የሚገድለው ያረጀ ዘይት ነው። ጠዋት ቀዝቃዛውን ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ከሆነ ካቴናው ተለጥጧል ወይም መወጠሪያው ደክሟል። እሱን መቀየር ችንጋ ከመቀየር ብዙ ይከብዳል።

ስለዚህ ደረጃ ላስይዝላችሁ። አንደኛ፣ ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር እንደኖረ ማስረጃ ያለው ካቴና። ሁለተኛ፣ የተቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር በደረሰኝ የሚታይ ችንጋ። ሦስተኛ፣ ማስረጃ የሌለው ችንጋ፤ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ። መጨረሻ ላይ የማስቀምጠው ማስረጃ የሌለው፣ ጠዋት የሚንኳኳውን ካቴና ነው። ችንጋ ስታስቀይሩ መወጠሪያውንና፣ ፖምፓው በዚያው ችንጋ የሚዞር ከሆነ እሱንም አብራችሁ አስቀይሩ። ያው ቦታው ተፈቷል።

ካምቢዮ

በዚህ ዕድሜ ላለ መኪና ማንዋል ያሸንፋል፤ እኔ ጋ ክርክር የለውም። ቢበላሽ የሚያልቀው ፍሪሲዮን ነው። ፈተናውም ቀላል ነው። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው። እየጮኸ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ደጋግማችሁ አትሞክሩት፤ ፈተናው ራሱ ይበላዋል። ሲቀየር ሸራው ብቻ ተቀይሮ እንዳይዘጋ። የሚጫነው ሰሃንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ከባዱ ሥራ ካምቢዮ ማውረዱ ነው።

የድሮው አውቶማቲክ ሁለተኛ ነው። ከፓርክ ወደ ማርሽ ስታስገቡ ወዲያው መያዝ አለበት። ሁለት ሦስት ሰከንድ አስቦ ዷ ብሎ ከያዘ ተዉት። ዘይቱ ቀላ ያለ ከሆነ ጥሩ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ እየተበላ ነው።

ሲቪቲ የሚባለው፣ ማርሽ የሌለው፣ በሁለት ፑሊና በብረት ቀበቶ የሚሠራው ነዳጅ ይቆጥባል። አርጅቶ ሲመጣ ግን እፈራዋለሁ። የራሱ ዘይት ብቻ ነው የሚገባበት፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ያበቃለታል። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተጎተተች ወይም ስትነሳ ከተንዘፈዘፈች ማስረጃ ቢኖራትም አልወስዳትም። በሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን በራሱ የሚቀያይረው ዓይነትም እንዲሁ፤ ከ2012 እስከ 2016 በነበሩት ፎርድ ፎከስ መኪኖች ላይ ብዙ ባለቤት አማሯል።

የሞተር መብራትና የማስነሳት ችግር

ቁልፉን ስትከፍቱ የሞተር ምልክቷ መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏን የነቀላት ሊኖር ይችላል። ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች በሙሉ ኦቢዲ2 የሚባል የመመርመሪያ መሰኪያ አላቸው፤ የብልሽት ኮዱን ለማየት ትንሽ ማንበቢያ ይበቃችኋል። ኮድ የለም ብላ ካሳየች አትደሰቱ። መኪናዋ ራሷን የመረመረችበትን ዝርዝር ክፈቱ። አብዛኛው «አልተጠናቀቀም» ካለ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል፤ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር። ለምን ተነቀለ?

ፒ0302 የሚል ኮድ ካያችሁ ሁለተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ ነዳጁን በትክክል አያቃጥልም። ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው) ይሁን ኮይል (ለካንዴላው ኃይል የሚልከው) ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። የሁለተኛውን ኮይል አውጥታችሁ ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን ሰርዙ፣ ትንሽ ንዱ። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ኮይሉ ነው። እዚያው ሁለተኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን፣ ከዚያ ነዳጅ መርጫውን እዩ። ይሄ ቀላል ጥፋት ነው። ዝም ከተባለ ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው መስመር ላይ ያለውን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት አግሎ ያቀልጠዋል። ከዚያ ካታሊስቱ ደከመ የሚለው ኮድ ፒ0420 ይመጣና ሰው ካታሊስቱን ይወቅሳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ካታሊስት ከመግዛታችሁ በፊት የገደለውን ፈልጉ።

ማስነሳት ላይ ቮልት መለኪያ ይዛችሁ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው፣ የዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው) ወይስ የሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እንደሆነ ለመለየት ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። አድሮ የዋለ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.7 እስከ 14.7 ከሆነ ዲናሞው ይሞላል። ሁለቱም ልክ ሆነው ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ብቻ የሚል ከሆነ ሞተሪኖው ወይም የባትሪ ገመዱ መገጣጠሚያ ነው። ገመዱን መጀመሪያ አጽዱ።

አዲስ፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ

ርካሽ ያወርዳል ካሽ ይባላል፤ መለዋወጫ ላይ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ቆሞ በሚውል ነገር ላይ፣ እንደ በር፣ መስታወት፣ መብራትና የመስኮት መክፈቻ፣ ያገለገለ ግዙ፤ ከኮፒው ይልቅ ይገጥማል። ዲናሞና ሞተሪኖም ከተፈተኑ ያገለገሉት ወይም የታደሱት ጥሩ ናቸው። ላስቲክ፣ ችንጋ፣ ፖምፓ፣ የፍሬን እቃ ያገለገለ አይገዛም፤ ነጥብ። የሞተር ሴንሰሮች ላይ ደግሞ ኮፒ ብዙ ጊዜ አሳፍሮኛል፤ ኦሪጅናሉን ካጣችሁ ለመኪናው ፋብሪካ እቃውን የሚያቀርበው ድርጅት በራሱ ስም የሚሸጠውን ፈልጉ። ሾክ አብዞርበር አንድ ብቻ አይቀየርም፤ ግራና ቀኝ አብሮ ነው።

ትልቁ ሲመጣ

የእኔዋ ቴስታታ ሲወርድ መካኒኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጀርባው አቆመበት። ከኋላው የእጅ ባትሪ አበራ። መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ሾልኮ ወጣ። ያቺ ክር ነበረች የራዲያተር ውሃዬን የምትጠጣው። አብዛኞቹ ቴስታታዎች ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር በላይ መቆልመም አይፈቀድላቸውም።

እዚህ ላይ ምርጫው ሦስት ነው። ቴስታታውን አስሞርዶ ጓርኒሲዮን መቀየር የመጀመሪያው ነው። ሞተሩ ዘይት የማይበላ፣ ኮምፕሬሽኑ ጥሩ የነበረ ከሆነ ይሄን ምረጡ። ከመገጠሙ በፊት ስንጥቅ በግፊት ይፈተን፤ የቴስታታ ቡሎኖቹም ብዙ ሞተሮች ላይ አንዴ ከተፈቱ መልሰው አይገጠሙም፣ አዲስ ይገዛል። ሁለተኛው ያገለገለ ሞተር ማስገባት ነው። ፋሻውም ካለቀ ከቴስታታ ሥራ ይልቅ ይሄ ያዋጣል፤ ግን ሎተሪ ነው። ሦስተኛው ሞተሩን ሙሉ ለሙሉ ማደስ ነው። በቦዲዋ የምትወዷት መኪና ካልሆነች በቀር አልመክርም። የጎን ወለሏና ሾኩ የሚታሰርበት ብረት በዝገት ከተበላ ደግሞ ሦስቱንም እርሱት፤ ጥሩ ሞተር ለበሰበሰ ቦዲ አይገባም።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ መሬት ላይ እንዳለ ካንዴላዎቹን አስወጡና የፊት ፑሊውን በቁልፍ አዙሩት። ሁለት ሙሉ ዙር ሳይያዝ መዞር አለበት። የካንዴላ ጫፎቹን እዩ፤ ጠቆር ያለ እርጥብ ዘይት ያለበት ሲሊንደር ካለ ሌላ ሞተር ፈልጉ። ከገዛችሁት በኋላ፣ ሞተሩ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከኋላ ያለውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ላስቲክ)፣ ችንጋውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ማንዋል ከሆነም ፍሪሲዮኑን አስቀይሩ። ያ የኋላ ሲል ዋጋው ኢምንት ነው። በኋላ ማፍሰስ ከጀመረ ግን ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።